ወንዝ እንዴት ይወለዳል? መሬትንስ እንዴት ይቀርጻል?

ለአጥቢያ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ከየአጥቢያው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ውኃ የሚናገሩ ናቸው። አንደኛው «ወንዙ የእርሻችንን ዳር በላው» ይላል። ሁለተኛው «አምና የተሠራልንን የእግር ድልድይ ሙላት ወሰደው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከጸሎት ቤቱ ጓሮ የነበረው ትንሽ ቦይ ዛሬ ከብት የሚውጥ ቦረቦር መሆኑን ገልጦ፣ ሲሚንቶና የጋቢዮን ሽቦ በአስቸኳይ እንዲላክለት ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሽቦውም ሲሚንቶውም መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ እርሱም የወንዝ ጠባይ ነው። ጠባዩን ሳያጠኑ ወንዝን ለማሰር የሚደረግ ሙከራ ገንዘብንና ጉልበትን ከንቱ ያስቀራል፤ ከዚህ የባሰ ዋጋ የሚያስከፍልበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ እትም ጥቂት ገጾችን ለዚሁ ጉዳይ መድበናል። በጉባኤ ስትሰበሰቡ ጮክ ብላችሁ እንድታነቡትና ከየመንደራችሁ ወንዝ ጋር እያስተያያችሁ እንድትወያዩበት እንለምናችኋለን።

ውኃው ከወዴት ይመጣል?

ወንዝ የሚነሣው ከምንጭ ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ምንጩ ራሱ ውኃውን ከየት አገኘው? ከዝናብ ነው። ከሰማይ የወረደው ዝናብ ከፊሉ በፀሐይ ተንኖና በዕፅዋት ተመጥጦ ወደ አየር ይመለሳል፤ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የቀረው በመሬቱ ገጽ ላይ ይፈስሳል። የወንዝ ጠባይ የሚወሰነው በእነዚህ በኋለኞቹ በሁለቱ መጠን ነው።

የሰረገው ውኃ የት እንደሚደርስ ለማየት በደጋው ገደል ሥር መሄድ ይበቃል። የአገራችን ደጋ ብዙው ክፍል በጥንት ዘመን ቀልጦ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት በሚባለው፣ የተሸፈነ ነው። ይህ ድንጋይ የፈሰሰው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ነው። በአንዱ ንብብርና በሌላው መካከል ረጅም ዘመን ባለፈበት ቦታ መሬቱ አፈር አብጅቶ ስለ ነበር፣ ዛሬ በገደሉ ፊት ላይ ቀይ የሸክላ አፈር እንደ መቀነት ተጋድሞ ይታያል። በድንጋዩ ስንጥቅ የወረደው ውኃ ሸክላው ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ይሄድና ከገደሉ ፊት ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ገደል ላይ ያሉ ምንጮች በአንድ መስመር ተሰልፈው የሚገኙት ስለዚህ ነው። ምንጭ ለማጎልበት የምትወጡ ሠራተኞች ይህን መቀነት ፈልጉ፤ ከብዙ ቁፋሮ ያድናችኋል።

እንግዲህ በጥር የምንቀዳው የምንጭ ውኃ በክረምት ወርዶ በተራራው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጓዝ የቆየ ዝናብ ነው። ተራራው ሣሩና ዛፉ ተነቅሎ፣ አፈሩ በከብት ሰኮና ተደልድሎ ከሆነ ግን ዝናቡ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ወረደ ይሮጣል። ከአንድ አጥቢያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ይደርሰናል፤ በነሐሴ «ጎርፉ በዛብን» የሚል፣ በየካቲት «ምንጩ ደረቀብን» የሚል። ሁለቱ ደብዳቤዎች የሚናገሩት ስለ አንድ በሽታ ነው።

የሚሮጠው ውኃ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፤ በክረምት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮው አለካክ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው። ስለዚህ በዚያች ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጋሻ ላይ 12 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። ዳገቱ ራቁቱን ሆኖ ግማሹ ብቻ ቢፈስስ 6 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 300,000 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ውኃ በአንዲት ጠባብ ቦይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልለፍ ሲል ምን እንደሚደርስ አስቡት።

መጀመሪያ ላይ ይህ ውኃ መንገድ የለውም። በመሬቱ ላይ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ዓይን እንኳ በደንብ አያየውም፤ ነገር ግን ደቃቁን አፈር የሚወስደው ይኸው ነው። ከዚያ አንድ ዝቅ ያለ ነገር ያገኛል፤ የከብት መውረጃ፣ የእግር መንገድ፣ ቁልቁል የታረሰ ትልም፣ ወይም ከመኪና መንገድ ሥር የወጣ ቱቦ። እዚያ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ይጠልቃል፣ ሲጠልቅ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ይቆፍራል፤ የቆፈረውም ጉድጓድ ከግራና ከቀኝ ሌላ ውኃ ይጠራል። ቦዮች ተገናኝተው ጅረት፣ ጅረቶች ተገናኝተው ገባር፣ ገባሮች ተገናኝተው ታላቅ ወንዝ ይሆናሉ። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ግንዱ ወደ ታች፣ ቅርንጫፉ ወደ ላይ የተዘረጋ ዛፍ ይመስላል። ይህ ዛፍ ውኃ የሚሰበስብበት መሬት በሙሉ ተፋሰስ ይባላል።

ሁለት ተፋሰሶችን የሚለየው አንዳንድ ጊዜ አንድ የተራራ ጀርባ ብቻ ነው። በእንጦጦ አናት ላይ የቆመ ሰው ይህን ሊያይ ይችላል። በደቡብ በኩል የወረደው ጠብታ በአዲስ አበባ ውስጥ አልፎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ጥቂት እርምጃ በሰሜን በኩል የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይሄዳል።

ውኃ ድንጋይን እንዴት ይቆርጣል?

ንጹሕ ውኃ ብቻውን ጠንካራ ድንጋይን የመቁረጥ ኃይሉ ትንሽ ነው። መሣሪያው የተሸከመው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ በእነዚህ እየፈገፈገና እየመታ ይቆርጣል። የመሸከም ኃይሉ ደግሞ በፍጥነቱ ላይ ይወሰናል። የሚያስገርመው ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያንከባልለው ድንጋይ ክብደት እጥፍ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በስሌት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል። በበጋ ጠጠር ማነቃነቅ ያቃተው ጅረት በአንድ የነሐሴ ሌሊት በሬ የሚያህል ቋጥኝ አንከባልሎ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ወንዝ መሬትን የሚለውጠው ከሞላ ጎደል በእነዚያ ጥቂት የሙላት ቀናት ነው። በጥር መጥቶ ወንዙን ለክቶ «ጉዳት የለውም» የሚል ባለሙያ ቢገጥማችሁ በነሐሴም እንዲመጣ በትሕትና ጋብዙት።

ለዚህ ትምህርት ከዓባይ የሚበልጥ መጽሐፍ አናገኝም። በጎጃም በሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ በባሕር ዳር የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሜዳ ከሄደ በኋላ በጢስ እሳት ፏፏቴ ወርዶ ወደ ሸለቆው ይገባል። (ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚጠለፍ ፏፏቴው እንደ ጥንቱ አይደለም፤ በሙላት ወራት ያላየው ሰው አየሁት ባይል ይሻላል።)

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና የሄደ ሁሉ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገር ይህን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶታል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በመስኮት በኩል ለሚመለከት የመሬቱ ታሪክ ገጽ በገጽ ተገልጦ ይታያል። በላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ እርሱ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይከተላል፤ በውስጡ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ይገኛል፤ አገሩ በአንድ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበር ምስክር ነው። ከዚያ ጂፕሰም፣ በታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ደጋው በምድር ውስጥ ባለ ኃይል ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲነሣ ወንዙ ስፍራውን አልለቀቀም፤ መሬቱ በተነሣ ቁጥር እየቆረጠ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወንዙ የቆረጠው መሐሉን ብቻ ነው፤ ሸለቆውን ያሰፋው ግን የግራና የቀኙ ዳገት መናድ ነው። ግርጌው ሲቆረጥ አናቱ ይንሸራተታል፤ የወደቀውን ደግሞ ወንዙ ጠርጎ ይወስደዋል። በዚያ መንገድ ላይ አስፋልቱ በየጊዜው የሚሰነጠቀውና የሚንሸራተተው የመንገድ ሠሪዎች ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ተራራው እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ወንዙ እየሄደ ነው።

ቦረቦርም ትንሽ ዓባይ ነው

ፏፏቴ እንዴት እንደሚኖር የተረዳ ሰው ቦረቦርን ይረዳል። ከላይ ጠንካራ፣ ከታች ልል የሆነ ነገር ባለበት ቦታ የሚወርደው ውኃ ግርጌውን ይቦረቡራል። ግርጌው ባዶ ሲሆን የላይኛው ከንፈር ድጋፍ አጥቶ ይወድቃል። ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ማለት ወደ ላይኛው አገር፣ ተራመደ ማለት ነው። ውኃው ወደ ታች ይሄዳል፤ ፏፏቴው ግን ወደ ላይ ይሄዳል።

በእርሻችሁ ጫፍ ያለውም ቦረቦር እንዲሁ ነው። ራሱን ተመልከቱ፤ በላይ የሣር ሥር የያዘው ጠንከር ያለ አፈር፣ በታች የለሰለሰ አፈር አለ። ውኃው ከራሱ ላይ ዘልሎ ይወርድና ሥሩን ይበላል፤ ጠዋት ስትመጡ አንድ ጉማጅ ወድቆ ታገኙታላችሁ። በመረሬ አፈር ላይ ነገሩ የከፋ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከመሬቱ ገጽ በታች ዋሻ ይሠራል፤ ላዩ ደኅና እየመሰለ ውስጡ ያልቃል፣ አንድ ቀን ይደረመሳል። በሬ የጠፋበት ገበሬ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙዎች ይስቱታል። ጉዳቱ የሚታየው በታች፣ ቦረቦሩ ሰፊ በሆነበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ድንጋይ የሚከምሩት እዚያ ነው። በሽታው ያለው ግን በራሱና ከራሱ በላይ ባለው ዳገት ነው። የዳገቱ ውኃ ሳይቀነስ በታች የተሠራ ክትር ቢበዛ ሁለት ክረምት ይቆያል።

የእኔ ስሕተት

ወንዝ ከተራራ ወጥቶ ለጥ ወዳለ አገር ሲገባ ወደ ታች መቆረጡን ቀነስ አድርጎ ወደ ጎን መቁረጥ ይጀምራል። ይጠማዘዛል። በጠመዝማዛው ላይ ውኃው ወደ ውጨኛው ዳር ይገፋል፤ እዚያ ይፈጥናል፣ ይጠልቃል፣ ዳሩን ይበላል። በውስጠኛው ዳር ግን ይዝላል፤ አሸዋውንና ጠጠሩን እዚያ ያራግፋል። በአንድ በኩል ሲበላ በሌላው ሲያራግፍ ወንዙ በሙሉ ወደ ጎን ይጓዛል። አንዳንድ ጊዜም ጠመዝማዛው እጅግ ሲጠብ ሙላቱ አንገቱን ቆርጦ በአቋራጭ ይሄድና የድሮው መንገድ ረግረግ ሆኖ ይቀራል። በሁለት ቀበሌ መካከል ወንዝ ድንበር በሆነበት ስፍራ ስንት ጠብ እንደ ተነሣ የምታውቁት ናችሁ።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ግን አልተማርሁትም ነበር። በወጣትነቴ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ ለአንድ መንደር የእግር ድልድይ የሚሠራበትን ስፍራ እንድመርጥ ተላክሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ስለዚህ ወንዙ ጠባብ የሆነበትን ቦታ ፈለግሁ፤ አገኘሁም፤ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛ ልጆች ሳለን ይህ ወንዝ በዚያ በሾላው በኩል ነበር የሚሄደው» አሉኝ። «እሺ አባባ፣ ግንቡን ጠንካራ እናደርገዋለን» አልኋቸው። ያሉት ስለ ግንቡ ጥንካሬ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ግንቡ እውነትም ጠንካራ ነበር፤ ዛሬም ቆሟል ይባላል። በሁለተኛው ክረምት ወንዙ ከውጨኛው ግንብ ኋላ ያለውን አፈር በላና በዚያ በኩል ሄደ። ድልድዩ በደረቅ አሸዋ ላይ ቀረ፤ ወንዙ ከጎኑ ይፈስስ ነበር። በዚያው ነሐሴ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሊሻገሩ የመጡ ሰዎች ሌሊቱን በሙሉ ሙላቱ እስኪቀንስ ሲጠብቁ አደሩ። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም። ስፍራ የምትመርጡ ወጣቶች ጠባቡን ቦታ ሳይሆን ቀጥ ያለውንና ዳሩ ዐለት የሆነውን እንድትፈልጉ ነው፤ ድልድዩ በዚህ ምክንያት ቢረዝምና ገንዘቡ ባይበቃ፣ አይበቃም ብላችሁ ጻፉ። ሽማግሌዎችንም ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ ስሙአቸው።

ወንዝ ሸክሙን የሚያወርድበት

ፍጥነት ሲጨምር የመሸከም ኃይል እንደሚጨምር ሁሉ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ሸክሙ ይወርዳል። መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ጠጠሩና አሸዋው፣ በመጨረሻ ደለሉ። ከተራራ ግርጌ ድንገት ወደ ሜዳ የሚወጣ ወንዝ ሸክሙን እዚያው ይበትናል፤ አልጋው በራሱ ደለል ከፍ ሲል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በተራራ ግርጌ ያለው ለም ለጥ ያለ መሬት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ሰው ደግሞ መንደሩን መሥራት የሚወደው እዚያ ነው፤ መሬቱ ደልዳላ፣ የጉድጓድ ውኃውም ቅርብ ነውና።

ድሬዳዋን የሚያውቁ በከተማዪቱ መካከል የሚያልፈውን ደቻቱን ያስታውሳሉ። የአሸዋ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ሰውና ከብት ይመላለስበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በላይኛው ተራራ የጣለው ከባድ ዝናብ በዚያ ደረቅ አልጋ ወርዶ በዳርቻው የነበሩትን ቤቶች ጠራረገ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በነሐሴ፣ በደቡብ የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አገር ላይ ሞልቶ ፈስሶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሁለቱ አደጋዎች በጠባይ ይለያያሉ። ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ ሙላቱ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ቀናት ይወስድበታል፤ ከላይኛው አገር ወሬ ማድረስ ከተቻለ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። ደቻቱን በመሰለው አጭርና ቁልቁል በሆነ ወንዝ ግን ደራሽ ውኃ በጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይደርሳል፤ እናንተ በቆማችሁበት ጠብ ሳይል እንኳ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአሸዋ ወንዝ አልጋ ላይ ገበያ፣ የእርዳታ እህል ማከፋፈያ፣ ወይም ለአንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን ድንኳን አይተከልም። ለፕሮጀክት ሠራተኞች ይህ ምክር አይደለም፤ ትእዛዝ አድርጋችሁ ውሰዱት። አሸዋ የሚጭኑና ከአሸዋው ጭረው ውኃ የሚቀዱ ሰዎችም በተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር ወደ ዳር እንዲወጡ ንገሩአቸው።

ሸክሙ ሲወርድ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ግብፅን ለሺህ ዓመታት ያበላው አፈር በብዛት ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነው። በ1962 ዓ.ም. ግብፃውያን የአስዋንን ታላቅ ግድብ ከጨረሱ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ገበሬዎቻቸው ማዳበሪያ ለመግዛት ተገደዱ፤ በወንዙ አፍ ያለውም መሬት አዲስ ደለል ስላጣ በባሕሩ ማዕበል ይበላ ጀመር። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ከላይኛው አዋሽ በሚመጣ ደለል ብዙ የውኃ መያዣ ቦታውን አጥቷል። ግድብ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለውን ዳገት መጠበቅ ግን በየዓመቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ዕድሜው በከፊል የሚወሰነው በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ ገበሬዎች እርከን ነው።

ምን እናድርግ?

ሥራው ከላይ ይጀምር ብለናል። በዳገቱ ላይ እርከንና የድንጋይ ካብ፣ በዕቀባ የተያዘ የሣር መሬት፣ አግድም የታረሰ እርሻ፤ እነዚህ ውኃው እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጡታል። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የኮንሶ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የካበው እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንጻሩ ከ1977ቱ ረሃብ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ የተሠሩ ብዙ እርከኖች፣ የስንዴው ራሽን ሲቆም ተንከባካቢ አጥተው ፈርሰዋል። የሠራው እጅ አልነበረም ያጠፋው፤ ማን ይጠግነው፣ ሣሩን ማን ይጨደው የሚለው ሳይነገር መቅረቱ ነው። ይህን ጉባኤው ሥራው ሳይጀመር ይወስን።

ቀጥሎ ከቦረቦሩ ራስ በላይ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሣር ወዳለበት መውረጃ ይመራ። የጎረቤት ማሳ ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ግን አንድ ቦረቦር ዘግታችሁ ሌላ ከፈታችሁ፤ ጠብም ጨመራችሁ።

ክትሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ርቀቱ በዘፈቀደ አይሁን፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ የቦረቦሩ ወለል በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከፍታ ካለው፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ክትር ያስፈልጋል። ይህን ለመለካት ውኃ የተሞላ ስስ የላስቲክ ቱቦና ሁለት በትር ይበቃል። የክትሩ አናት መሐሉ ዝቅ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ይበል፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ውኃው በዳር ዞሮ ይሄዳል፤ ከድልድዬ ኋላ እንደ ዞረው ማለት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በዳርቻው አፈር ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይቀበሩ። ውኃው ዘልሎ በሚያርፍበትም ስፍራ ድንጋይ ይነጠፍ፤ አለዚያ ክትሩ ራሱ ፏፏቴ ሆኖ ግርጌውን ያስበላል። ጋቢዮን የሚያስፈልገው በትልልቁ ብቻ ነው፤ ትንንሹን በድንጋይ፣ በእንጨትና በቅጠል መሥራት ይቻላል።

ደለሉ ከክትሩ ኋላ ሲሞላ ሥራው አላለቀም፤ ያን ጊዜ የዝሆን ሣር፣ ሸምበቆ ወይም ሰስባኒያ ይተከልበት፤ ከብትም አይግባበት። ሽቦው ከዓመታት በኋላ ይዝጋል፤ ከዚያ ወዲያ አፈሩን የሚይዘው ሥሩ ነው።

በዚህ ዓመት ከእያንዳንዱ አጥቢያ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ወጣቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ወንዛችሁን ከላይ እስከ ታች ይሂዱበት። ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው በየት ይፈስስ እንደ ነበር፣ ትልቁ ሙላት እስከ የት እንደ ደረሰ፣ የትኞቹ ምንጮች እንደ ደረቁ ይንገሩ፤ አንድ ሰው ይጻፈው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቦረቦር ራስ በላይ 5 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ችካል ትከሉ፤ ችካሉ ከአፋፉ ያለውን ርቀት በክረምቱ መጨረሻ እንደ ገና ለክታችሁ፣ ከሽቦው ጥያቄ ጋር በአንድ ፖስታ ላኩልን።